የደረስጌ ዘውድና የደባርቅ ሜዳ፤ አንድ ታሪክ ከየት ይጀመራል?

ከጎንደር ተነሥቶ በወገራ ደጋ ላይ ወደ ላይ የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ ዳባትን ያገኛል፤ ቀጥሎም መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሞላው ደባርቅ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ተራራውን ቢገባ በጃናሞራ ምድር ደረስጌ ማርያም ትገኛለች። የዘመናችን መንገደኛ ወደዚህ አገር የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ዋልያና ጭላዳ ለማየት ነው፤ በደባርቅም የሚያድረው የመግቢያ ፈቃዱን ለመቀበልና በቅሎ ለመከራየት ነው። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ እነዚህን ሁለት ስሞች በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ያውቃቸዋል። በደረስጌ ካሣ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ በደባርቅም ከነገሡ ከአምስት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ የወዳጆቻቸውን ደም ተበቀሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለጓደኞቼና ለመምህራኖቼ ትችት የማቀርበው አሳብ ሁለቱ ቦታዎች እንዴት እንደ ተተረኩ ነው። ምን እንደ ተፈጸመ ብዙዎች ጽፈዋል፤ የተፈጸመው ነገር ከየት ተጀምሮ፣ በማን ዓይን ታይቶ እንደ ተጻፈ ግን እምብዛም አልተጠየቀም።

ስለ ትረካ የሚደረገው ጥናት ጥንታዊ ነው። ግሪካዊው አሪስቶትል ስለ ቅኔና ተውኔት ባስተማረበት መጽሐፍ አንድ ድርሰት መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ሊኖረው እንደሚገባ ሲገልጽ፥ መጀመሪያ ያለው ከእርሱ በፊት ሌላ ነገር የግድ የማያስፈልገውን ነው። ለተውኔት ይህ መልካም ነው። በመንግሥትና በጦርነት ታሪክ ግን እንዲህ ያለ መጀመሪያ ከቶ አይገኝም፤ ከእያንዳንዱ ዘመቻ በፊት ሌላ ዘመቻ፣ ከእያንዳንዱ ቂም በፊት ሌላ ቂም አለ። እንግዲህ ጸሐፊው መጀመሪያውን አያገኘውም፤ ይመርጠዋል እንጂ። በቅርቡ ዘመን አሜሪካዊው ሄይደን ኋይት በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት «ሜታሂስትሪ» በተባለው መጽሐፍ ይህን አሳብ አስፋፍተው፥ ታሪክ ጸሐፊም እንደ ልብ ወለድ ደራሲ ለተበታተነው ድርጊት ሴራ ያበጅለታል፤ ያንኑ ድርጊት አንዱ የአሳዛኝ ተውኔት፣ ሌላው የጀግና ገድል፣ ሦስተኛው የምፀት ቅርጽ ሊሰጠው ይችላል ብለው ተከራክረዋል። ፈረንሳዊው ዠራር ዠኔት ደግሞ በ1972 እ.ኤ.አ. ሁለት ጥያቄዎች እንዳይደባለቁ አስተማሩ፤ የሚናገረው ማን ነው? የሚያየውስ ማን ነው? (በአማርኛችን «ሴራ» የሚለው ቃል ለተንኮልም ለድርሰት አወቃቀርም ማገልገሉ ያጋጣሚ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን እጅግ ይስማማል።)

በመጀመሪያ ወደ ደረስጌ እንሂድ። የስሜንና የትግሬ ገዢ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ደረስጌ ማርያምን አሠርተው ነበር፤ በሕንፃው ሥራ ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ዊልሄልም ሺምፐር እጃቸው አለበት። ካሣ ኃይሉ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ በዓመቱ ደግሞ ብሩ ጎሹን ድል ካደረጉ በኋላ የቀረባቸው ታላቅ ተቀናቃኝ ውቤ ነበሩ። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. በደረስጌ አጠገብ በተደረገው ጦርነት ውቤ ተሸንፈው ተማረኩ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ የካቲት 5 ቀን፣ አቡነ ሰላማ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ካሣን ቀብተው ቴዎድሮስ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ አሏቸው።

ይህን ታሪክ የሚያስተምር ሁሉ አንድ ነገር ሳይጨምር አያልፍም፤ ይኸውም ውቤ ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠሩት ራሳቸው ሊነግሡባት ነበር የሚለው ነው። ለራሱ ያዘጋጀውን ድግስ ጠላቱ በላው እንደ ማለት ነው። ትረካው ያማረ ነው፤ ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል እላለሁ። እንዲህ ያለ በልክ የተሰፋ ምፀት ሲያጋጥመን ልብሱን የሰፋው ጊዜ ነው ወይስ ተራኪው ብለን ልንጠይቅ ይገባናል። ውቤ ዘውድ ይመኙ ነበር ለሚለው አሳብ የሚቀርበው ዋነኛው ማስረጃ ጳጳሱን ከግብፅ ማስመጣታቸው ነው፤ በእርግጥም አቡነ ሰላማ በ1834 ዓ.ም. የመጡት ውቤ መልክተኛ ልከውና ወጪውን ችለው ነው። ነገር ግን ያለ ጳጳስ ቄስ የሚክን፣ ታቦት የሚባርክ አይኖርም፤ ሁለት ታላላቅ አገሮች ለሚገዛ መስፍን ጳጳስ ማስመጣት ዘውድ ባይመኝም የሚያስፈልግ ሥራ ነው። ውቤ አልተመኙም ማለቴ አይደለም። የምለው፥ የየካቲት 5ን ቀን ውጤት ካወቅን በኋላ ቀድሞ የተሠራው ሁሉ፣ ደወሉም ጣሪያውም ጳጳሱም፣ ወደዚያች ቀን ብቻ የሚያመለክት ምልክት ሆኖ ይታየናል ነው። ሴራ ወደ ኋላ ነው የሚሠራው።

በአሸናፊው በኩል ያለው ትረካም እንዲሁ ወደ ኋላ የተሠራ ነው፤ ይህኛው ግን ከድርጊቱ በፊት ተጽፎ ይጠብቅ ነበር። ፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ አርባ ዓመት በፍትሕና በሰላም እንደሚገዛ ይናገራል። ስለዚህ ካሣ የመረጡት ስም ብቻ አልነበረም፤ አንድ ሙሉ ትረካ ከነመጨረሻው ነበር። ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ካህኑም የዚህን ንጉሥ ታሪክ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የቀረው ባለታሪኩ መድረሱ ነው። ፖለቲካ ከትረካ የሚያገኘውን ጥቅም ከዚህ ይልቅ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ምሳሌ በአገራችን ታሪክ ማግኘት ይከብዳል። ከትንቢቱ በስተጀርባ ግን ሌላ ትረካ አለ፤ እርሱ የድርድር ትረካ ነው። አቡነ ሰላማ ከሦስት ልደት ትምህርት ተከታዮች ጋር ለብዙ ዓመት ሲከራከሩ ነበር፤ ካሣም በ1846 ዓ.ም. በአምባ ጫራ ጉባኤ ከጳጳሱ ጎን ቆመው ያ ትምህርት እንዲወገዝ አደረጉ። በውቤ ገንዘብ የመጡት ጳጳስ በውቤ ቤተ ክርስቲያን የውቤን ጠላት የቀቡት እንዲህ ባለ ስምምነት ነው። ትንቢቱን የሚተርክ ሰው አምባ ጫራን አያስፈልገውም። አምባ ጫራን የሚተርክ ሰው ግን ትንቢቱን መተው አይችልም፤ ሕዝቡ የተከተለው ትንቢቱን ነውና።

ዐፄ ቴዎድሮስን በሚመለከት ዋና ዋና የሆኑ ሦስት የአማርኛ ዜና መዋዕሎች ደርሰውናል። የደብተራ ዘነብን ኤኖ ሊትማን በ1902 እ.ኤ.አ. አሳተሙት፤ የአለቃ ወልደ ማርያምን ሞንዶን ቪዳይሌ በፓሪስ አወጡት፤ ስሙ ያልታወቀውን ሦስተኛ ጸሐፊ ደግሞ ሉዊጂ ፉዜላ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አቀረቡት። የነገሥታትን ታሪክ በግዕዝ መጻፍ ልማድ በነበረበት አገር እነዚህ በአማርኛ መጻፋቸው ራሱ ተራኪውና ሰሚው እንደ ተቀየሩ ያሳያል። ዘነብ ለንጉሡ የቀረበ ነው፤ ጽሑፉም እስከ መቅደላ ፍጻሜ ስለማይደርስ ገና ያልተሸነፈ ንጉሥ ታሪክ ነው። ወልደ ማርያም መጨረሻውን አውቆ የሚጽፍ ስለ ሆነ ቃሉ ወደ ወቀሳ ያደላል። እዚህ ላይ የዕድሜ ልዩነት እንጂ የእውነትና የሐሰት ልዩነት ብቻ ያለ አይመስለኝም። አንድ ሰው ስለ ወንዝ ምንጩ ላይ ቆሞ ቢናገር፣ ሌላው ፏፏቴው ላይ ቆሞ ቢናገር፣ ውኃው አንድ ሲሆን ንግግሩ ይለያያል።

በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፈ ሰው በዚህ አይደነቅም። የአንድምታ መምህር አንዱን ንባብ አንሥቶ «አንድም» እያለ ሁለት ሦስት ትርጓሜ ሲሰጥ ተማሪው አይታወክም። ብዙ ትረካ ባንድነት ለመያዝ ከኋይትና ከዠኔት በፊት የተለማመድነው ትምህርት አለን ማለት ነው። ሆኖም ልዩነቱን መዘንጋት አይገባም፤ የአንድምታው ንባብ ተጽፎ የተቀመጠ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊ ግን ንባቡን ራሱን ከትርጓሜው ጋር አብሮ ይሠራዋል፤ ያልጻፈው ነገር ለትርጓሜ እንኳ አይቀርብም።

ወደ ሥነ ጽሑፍ ስንመጣ ርዕሶቹን ማየት ብቻ ይበቃል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔታቸውን «ቴዎድሮስ» አሉት፤ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ»ን አሳተሙ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ይህንኑ ንጉሥ ወደ መድረክ አመጡት። ያ ትውልድ ቴዎድሮስን ለምን እንደ ወደደ መገመት አያስቸግርም። በዘር ሐረግ ሳይሆን በክንዱ የነገሠ፣ በኮሶ ሻጭ ልጅነት የተሰደበ፣ መሳፍንትን የሰበረ፣ ለባዕድ እጁን ያልሰጠ ሰው ነው፤ የለውጥ ናፍቆት ላለበት ወጣት ከዚህ የተሻለ ባለታሪክ ከየት ይገኛል? ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ መንግሥት ራሱ ይህንኑ ምስል አንሥቶ ለራሱ አዋለው። ስድቡ ሳይቀር ወደ ክብር መለወጡን ልብ ይሏል፤ የኮሶው ነገር ጠላቶቹ ካሣን ለማዋረድ ያወሩት ሲሆን ደራሲያኑ ከድኻ ወገን ለመነሣቱ ምስክር አደረጉት። ያው ወሬ ሴራው ሲለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ስሜን መሰናክል ነው፤ ባለታሪኩ ወደ ዘውዱ ሲወጣ የሚረግጠው የመጨረሻ ደረጃ።

አሁን መጀመሪያውን እንለውጠውና ከስሜን በኩል እንነሣ። የራስ ገብሬ ልጅ ደጃዝማች ኃይለ ማርያም፣ የእርሳቸውም ልጅ ውቤ በስሜን ተከታትለው ገዙ። በ1823 ዓ.ም. ደብረ ዓባይ ላይ ደጃዝማች ሰባጋዲስ ከወደቁ በኋላ ውቤ ትግሬን ያዙ። በ1834 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ከራስ ዓሊ ጋር ተዋግተው አሸነፉ፤ ዓሊም ሸሹ። ውቤና ሰዎቻቸው በድል ደስታ ላይ ሳሉ ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው አሸናፊውን ማረኩት። ሁለቱም የጦር አለቆች ተሸንፈው ያለቀ ጦርነት ማለት ይህ ነው፤ ይህን ያነበበ ሰው ሳይስቅ አይቀርም፤ ኋይት ምፀት ያሉት ቅርጽ ያለ ጸሐፊ እርዳታ ራሱን የጻፈ ይመስላል። ውቤ ተለቀው ወደ ግዛታቸው ተመልሰው ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ገዝተዋል። ከዚህ ብንነሣ ደረስጌ የአንድ ዘመን መባቻ መሆኗ ይቀርና የአንድ ቤት ታላቅ ውድቀት ትሆናለች።

ይህንንም አካሄድ ያለ ጥንቃቄ አልቀበለውም። ውቤን የተበደለ ጀግና አድርጎ የሚተርክ የስሜን ሰው ትግሬ ሲደርስ ዓይኑን መጨፈን አለበት፤ በዚያ ውቤ ከደቡብ የመጡ ድል አድራጊ ናቸውና፣ የሰባጋዲስም ወገኖች መጀመሪያውን ደብረ ዓባይ ላይ ያደርጉታል። ስሜኑ በደረስጌ የሚያሰማውን እሮሮ የአጋሜው ሰው በውቤ ላይ ሊያሰማው ይችላል። የተሸናፊ ትረካ ከአሸናፊ ትረካ ይልቅ እውነት የሚሆንበት ምክንያት የለም፤ ሌላ ነገር እንድናይ ስለሚያስገድደን ብቻ ይጠቅማል።

ሌላው ነገር ደባርቅ ላይ ይታያል። ከደረስጌ በኋላ የውቤ ዘመድ ንጉሤ ወልደ ሚካኤል በትግሬና በስሜን ሸፍተው ነበር፤ ከፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ከናፖሌዎን ሦስተኛም ጋር መልእክት ተለዋውጠዋል። የንጉሡ የሥጋ ዘመድ ጋረድም በዚያው አገር ሸፈተ። በ1852 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውዴን በጎንደር አጠገብ በጋረድ ሰዎች ቆስለው ሞቱ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1853 ዓ.ም. መጀመሪያ ዘመቱና ደባርቅ አካባቢ ከጋረድ ጋር ገጠሙ። በዚህ ውጊያ እንግሊዛዊው ጆን ቤል፣ በማዕርጋቸው ሊቀ መኳስ፣ ንጉሡን ሲከላከሉ ሞቱ። ሊቀ መኳስ ማለት በጦር ሜዳ ንጉሥ መስሎ ለብሶ ጦሩን ወደ ራሱ የሚስብ ባለሟል ነው፤ ቤል ማዕርጋቸውን በሞታቸው ፈጸሙት ማለት ይቻላል። ጋረድ ከተገደለ በኋላ ንጉሡ የተማረኩትን ሰዎች አስፈጁ፤ ቁጥራቸው ከሺህ እንደሚበልጥ ይነገራል።

የዚህ ታሪክ ተራኪዎች ብዙውን ጊዜ እንግሊዞች ናቸው። የንጉሡ እስረኛ የነበሩት ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክና መልክተኛው ሆርሙዝድ ራሳም ከመቅደላ ነጻ ከወጡ በኋላ የጻፏቸውን መጻሕፍት ሁለቱም በርዕሳቸው ላይ «ትረካ» ብለው ሰይመዋል፤ ከብዙ ባለሙያ ይልቅ ቅን ሆነው ተገኝተዋል ማለት ነው። ከእንዲህ ያለው ጽሑፍ የወጣና በትምህርት ቤታችንም የገባ አንድ ሴራ አለ። ይኸውም ቴዎድሮስ እቴጌ ተዋበች፣ ፕላውዴንና ቤል በሕይወት ሳሉ ደግ ነበሩ፤ መልካም መካሪዎቻቸው ከሞቱባቸው በኋላ ጨካኝ ሆኑ የሚለው ነው። እንደ ድርሰት ጥሩ ነው፤ መካከሉ ላይ የሚለወጥ ባለታሪክ አለው። እንደ ታሪክ ግን ሁለት እንከን አለበት። በመጀመሪያ፥ ከቤተ ክርስቲያን ጋር በመሬት ምክንያት የተነሣውን ጠብ፣ ማቆሚያ ያልነበረውን ሽፍትነት፣ ጦሩን ለመቀለብ በገበሬው ላይ የወደቀውን ሸክም ሁሉ ትቶ የአንድን መንግሥት ዕጣ በሦስት ሰዎች ሞት ላይ ያንጠለጥላል። ሁለተኛው እንከን የባሰ ነው። ደባርቅ ላይ የሚያየው ዓይን የንጉሡ ዓይን ነው፤ ያ ዓይን ዕንባ ስለ ሞላበት ከወዳጁ ሬሳ በቀር አያይም። የቤልን ስም፣ ማዕርግ፣ የሞተበትን ሁኔታ ሳይቀር እናውቃለን። ከተፈጁት ከሺህ በላይ ሰዎች መካከል ስሙ በመጽሐፍ የሚጠራ ጋረድ ብቻ ነው፤ የቀሩት ቁጥር ናቸው፤ ቁጥሩም የሚያገለግለው የንጉሡን ኀዘን መጠን ለመለካት ነው።

እኒህ ሰዎች ገበሬዎች፣ የገበሬ ልጆች፣ ጌታቸውን ተከትለው የወጡ አሽከሮች ነበሩ። በወገራና በስሜን ቀበሌዎች አልቃሽ ያለቀሰችላቸው፣ ተዝካር የወጣላቸው መሆን አለባቸው፤ የአገራችን ሰው ያለ ሙሾ አይቀበርምና። ሙሾም ትረካ ነው፤ የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የሠራውን ሥራ ይቆጥራል። በመጻሕፍቱ ውስጥ የጎደለው በሙሾ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። አሁን ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ዳባትም ደባርቅም የተማረ ልጅ አላጡም፤ የየቤተ ሰቡን የትውልድ ቆጠራና የአዛውንቱን ግጥም መሰብሰብ ከመቅደላ ዝርፊያ ቀጥሎ የሚነሣ የታሪክ ጥያቄ ይመስለኛል። ጃን ቫንሲና በ1961 እ.ኤ.አ. ስለ ቃል ትውፊት ባወጡት መጽሐፍ እንዲህ ያለው ማስረጃ እንደ ጽሑፍ ሁሉ ሊመረመርና ሊመዘን እንደሚችል ካሳዩ ወዲህ «የአፍ ወሬ ነው» ብሎ መተው ምክንያት አይሆንም።

1853 ዓ.ም.ን ራሱን እንደ አንድ ምዕራፍ አድርጎ የተረከ ጸሐፊ አላጋጠመኝም፤ ሊተረክ የሚገባው ዓመት ግን ነው። በጥቅምት ገደማ የደባርቅ ፍጅት ሆነ። በጥር ወር ንጉሤ ወልደ ሚካኤል ተይዘው አክሱም ላይ ተገደሉ፤ በዚህም የውቤ ወገን ጦር አበቃ። በሚያዝያ ወር ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ወንድ ልጅ ወለዱ። ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። እንግዲህ ዓለም ሁሉ «የቴዎድሮስ ልጅ» ብሎ የሚያውቀው ልዑል ዓለማየሁ የውቤ የልጅ ልጅ ነው። የስሜን ቤት ትረካ ደረስጌ ላይ አልተፈጸመም ነበር፤ በአንድ ክንፉ በዓለማየሁ በኩል፣ በሌላው ክንፉ ደግሞ በውቤ ወንድም በብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ በእቴጌ ጣይቱ በኩል ቀጥሏል። ጣይቱ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የደረስጌን ሽንፈት ያስታወሰ የስሜን ሰው ካለ የጀመረውን አሳዛኝ ተውኔት ሌላ ስም ሊሰጠው በተገደደ ነበር።

የዓለማየሁ ግን እንዲያ አልሆነም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አባቱ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞቶ በዊንድሰር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። ኢትዮጵያ ዐፅሙ እንዲመለስ በ1999 ዓ.ም. ጠይቃለች፤ በ2015 ዓ.ም. በኪንግሃም ቤተ መንግሥት ሌሎች መቃብሮችን ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ሲል መልስ ሰጠ። በዚህ ክርክር ውስጥ ሁለቱም ወገኖች የሚጠሩት የአባቱን ስም ነው።

እናቱ ጥሩወርቅ ልጃቸውን ተከትለው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ፣ አገር ሳይለቁ፣ ግንቦት ወር 1860 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ሞቱ። አስከሬናቸው ያረፈው በጨለቆት ሥላሴ ነው፤ አባታቸው ደጃዝማች ውቤ ከደረስጌ በፊት ሃያ አራት ዓመት በገዙት በትግሬ ምድር።